ለስብሰባ ክፍላችሁ የቱ ይሻላል? ስፒከርፎን፣ ሚክሰር ወይስ ዲኤስፒ

በዙም ስብሰባ ላይ አንዱ «ድምፄ ተመልሶ ይሰማኛል» ሲል ሁሉም «ማይክህን አስተካክል» ይለዋል። ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም። ድምፁ ከእናንተ ስፒከር ወጥቶ፣ በእናንተ ማይክ ገብቶ ነው ወደ እሱ የሚመለሰው። ይህ የሚመለስ ድምፅ ኢኮ ይባላል። ኢኮ ማጥፊያ የሚገዛው አንዱ፣ የሚገላገለው ሌላው ነው። መሥሪያ ቤቶች ለዚህ ዕቃ ብር ማውጣት የሚከብዳቸው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ማጥፊያው ወደ ስፒከር የሚሄደውን ድምፅ አስቀድሞ ይቀበላል። ይህ ሪፈረንስ ይባላል። ከዚያ ማይኩ ከያዘው ውስጥ ያንኑ ድምፅ ለይቶ ይቀንሳል። ሪፈረንሱ ከተሳሳተ ውድ ዕቃም ምንም አይሠራም።

ብቻችሁን የምትሰበሰቡ ከሆነ ምንም አትግዙ። ዙምም ቲምስም የራሳቸው ማጥፊያ አላቸው፤ ለአንድ ላፕቶፕ ይበቃል። ብሉቱዝ ስፒከር ከጨመራችሁበት ግን ድምፁ ዘግይቶ ስለሚወጣ ሶፍትዌሩ ግራ ሊጋባ ይችላል።

ከ4 እስከ 6 ሰው ለሚቀመጥበት ጠረጴዛ ስፒከርፎንን የሚያክል የለም። እንደ ጃብራ ስፒክ ያሉት ማይክና ስፒከራቸው አንድ ላይ ስለሆነ ማጥፊያው ለዚያው ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። ሰክቶ መጀመር ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን እዚያው ሱቅ ውስጥ ለአንድ ሰው ደውሉና ሁለታችሁም እኩል ከ1 እስከ 20 ቁጠሩ። ያኛው የእናንተን ቆጠራ ሳይቆራረጥ ከሰማ ጥሩ ነው። «ሦስት… ሰባት… ስምንት» እየዘለለ የሚሰማው ከሆነ፣ ዕቃው ኢኮውን የሚያጠፋው ማይካችሁን እየዘጋ ነው። ክርክር በበዛበት ስብሰባ ይሄ ያናድዳል።

አዳራሽ ያላቸው ደግሞ «ሚክሰር አለን እኮ፣ ላፕቶፑን እንሰካበት» ይላሉ። ከሁሉም የማልወደው ይሄን ነው። ተራ ሚክሰር የማይኮችን ድምፅ ያቀላቅላል እንጂ ኢኮ ማጥፊያ የለውም። «ኢኮ» የሚል ቁልፍ ካለበትም እሱ ለዘፋኝ ኢኮ የሚጨምር ነው! የባሰው ደግሞ ዋናውን አውትፑት ወደ ላፕቶፑ ሲመልሱት ነው። የሩቁ ሰው ድምፅ በኬብል ዞሮ ይመለስበታል፤ ስፒከሩን ብታጠፉት እንኳ አይለቅም። ያላችሁ ሚክሰር ብቻ ከሆነ በኦክስ አውትፑት (ከዋናው የተለየ፣ የመረጣችሁትን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ መውጫ) ማይኮቹን ብቻ ወደ ላፕቶፑ ላኩ። የላፕቶፑ ቻናል ላይ ያለው ኦክስ ዜሮ ይሁን።

ጣሪያ ላይ ስፒከር፣ ጠረጴዛው ላይ ብዙ ማይክ ያለበት ክፍል ዲኤስፒ (ድምፅን በዲጂታል መንገድ የሚያስተካክል ዕቃ) ይፈልጋል። እዚህ እያንዳንዱ ማይክ የራሱ ማጥፊያ ይኖረዋል፤ ለምሳሌ ሹር ፒ300 በ8 ቻናል ላይ ማጥፊያ አለው። ባያምፕ ቴሲራፎርቴ የተባለውን ዲኤስፒ ስትገዙ ዓይናችሁን ግለጡ። ኤአይ (AI) እና ሲአይ (CI) የሚባሉት ሞዴሎች መልካቸው ይመሳሰላል፣ ሁለቱም 12 የማይክ መግቢያ አላቸው። ኢኮ ማጥፊያ ያለው ግን ሲአይ ነው። ፕሮፎርማው ላይ ያቺን አንዲት ፊደል ሳታዩ እንዳትፈርሙ። ርካሹ ብዙ ጊዜ ማጥፊያ የሌለው ኤአይ ነው የሚሆነው።

ዲኤስፒ የሚያስተካክለው ባለሙያም ይፈልጋል፤ በጀቱ ውስጥ አስገቡት። ሪፈረንሱ ውስጥ የሩቁ ሰው ድምፅ ብቻ ይግባ። የክፍሉ ማይክ ከተቀላቀለበት ማጥፊያው የራሳችሁን ንግግር መብላት ይጀምራል። ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውም ከሪፈረንሱ በፊት ይሁን። አምፕሊፋየሩ ላይ ከሆነ በነካካችሁት ቁጥር ማጥፊያው እንደ አዲስ መማር አለበት፤ እስኪማር ድረስ ኢኮው ይመለሳል።

እንደ ሹር ኤምኤክስኤ920 ያለው የጣሪያ ማይክ ማጥፊያውን በውስጡ ይዟል። በላዩ ሌላ አትደርቡበት። ዲኤስፒ ካላችሁም ዙም ሩምስ (ለስብሰባ ክፍል የተዘጋጀው ዙም) ላይ የሶፍትዌሩን የድምፅ ማስተካከያ አጥፉት፤ ሁለት ማጥፊያ ሲደራረብ ንግግሩ ይቆራረጣል።

ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት ከሆነ ደግሞ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ብዙ ስለሚንገዋለል ማጥፊያውን ያደክመዋል። ለእንዲህ ያለ ክፍል ከዕቃው በፊት ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ግዙ። ምናልባት ዲኤስፒው ቀርቶ ስፒከርፎን ይበቃችሁ ይሆናል።