በደብረ ማርቆስ የአሮጌ ሸክላ ግልበጣ፦ ዘፋኝ የሌላቸው ባንዶች እንደገና ሲደመጡ

በደብረ ማርቆስ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ አንድ ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት፣ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጥገናው ጎን ለጎን አሮጌ ሸክላዎችን አጥቦ ወደ ፍላሽ የመገልበጥ አገልግሎት ይሰጣል። እኔ ያስገለበጥኋቸው አጎቴ በወጣትነታቸው የሰበሰቧቸውን ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች ነው፤ ከፊሉን አዲስ አበባ ሲማሩ የገዟቸው፣ ከፊሉን ደግሞ የሰላም ጓድ መምህር የነበረ ወዳጃቸው ወደ አገሩ ሲመለስ የተወላቸው ናቸው። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1963 ባሉት ዓመታት የተቀረጹ የሮክ ባንድ ሥራዎች ሲሆኑ፣ ድምፃዊ የለባቸውም፤ ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሸከመው ጊታር ነው።

ስለ አገልግሎቱ ከመፍረዴ በፊት ስለ ሙዚቃው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የግልበጣው ጥራት የሚለካው በእነዚህ ቀረጻዎች ውስጥ ሊጠበቅ የሚገባውን ነገር በመጠበቁ ነው። የእንግሊዙ ባንድ ሻዶውስ በ1960 ያወጣውን «አፓቺ» እንውሰድ። ድርሰቱ የጄሪ ሎርዳን ነው፤ በእንግሊዝ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ ለ5 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ሃንክ ማርቪን ዜማውን በፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር ሲጫወት፣ ብሩስ ዌልች በሁለተኛው ጊታር፣ ጄት ሃሪስ በቤዝ፣ ቶኒ ሚሃን በድራም ያጅቡታል፤ መግቢያውና መዝጊያው ላይ የሚሰማውን የቻይና ከበሮ የመታው ደግሞ ባንዱ ያጅበው የነበረው ድምፃዊ ክሊፍ ሪቻርድ ነው። የማርቪን ጊታር ሜአዚ በተባለ የጣሊያን ማስተጋቢያ መሣሪያ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ እያንዳንዱ ኖታ ከተመታ በኋላ እንደ ገደል ማሚቶ እየደከመ ይመለሳል። ማርቪን ኖታ አያበዛም፣ አይቸኩልም፤ ዜማውን ሳያስጌጥ ይናገረዋል። በጎጃም ሠርግ ቤት አዝማሪው ቃሉን ጨርሶ ሲያርፍ መሲንቆው ዜማውን ተቀብሎ ብቻውን ሲሄድ የሰማ ሰው፣ ያለ ዘፋኝ መዝፈን ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም። እኔ ይህን ሥራ የማከብረው ለዚህ ቁጥብነቱ ነው፤ ከኋላ የመጡ ብዙ ፈጣን ጊታሪስቶች ያላገኙትን ነገር ይዟል ብዬም አምናለሁ።

ባለሙያው ሸክላዎቹን የተቀበለኝ በጥንቃቄ ነው። በተጣራ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ፣ የመስመሮቹን አቅጣጫ ተከትሎ ካጠበ በኋላ በጥላ አደረቃቸው። ሸክላዎቹ ሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ያልተለየበት አንድ ድምፅ ብቻ የያዙ መሆናቸውን አይቶም፣ ከስቴሪዮው መርፌ የሚመጡትን የግራና የቀኝ ድምፆች ወደ አንድ አዋሃዳቸው። ይህ ቀላል የሚመስል እርምጃ ትልቅ ልዩነት አለው፤ በሞኖ ሸክላ ላይ ሙዚቃው የተቀረጸው መርፌውን ወደ ጎን በሚያንቀሳቅስ መስመር ስለሆነ፣ ከላይና ከታች በሚፈጠር መንቀጥቀጥ የሚመጣው የአቧራና የጭረት ጩኸት ሁለቱ ድምፆች ሲዋሃዱ በብዛት ይጠፋፋል። የ«አፓቺ» ቅጂ በዚህ መንገድ ሲወጣ የጄት ሃሪስ ቤዝ ጠርቶና ክብደቱን ጠብቆ ተሰማ። የአሜሪካው ባንድ ቬንቸርስ በዚያው ዓመት የተጫወተው «ዎክ ዶንት ረን»ም እንዲሁ መልካም ወጥቷል። ጃዝ ጊታሪስቱ ጆኒ ስሚዝ የደረሰውን፣ እነርሱ ግን ከጊታሪስቱ ቼት አትኪንስ ቀረጻ የተማሩትን ይህን ዜማ፣ በግንባታ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት የባንዱ ጊታሪስቶች ዶን ዊልሰንና ቦብ ቦግል አቅልለውና አፍጥነው ለማንኛውም ጀማሪ ጊታሪስት የሚደረስበት አድርገውታል።

ጉድለቱ የታየው በ«ቴልስታር» ላይ ነው። ቶርኔዶስ የተባሉት የእንግሊዝ ባንድ ይህን ሥራ የተጫወቱት በ1962 ሲሆን፣ ስሙ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወደ ሕዋ ከመጠቀችው የመገናኛ ሳተላይት የተወሰደ ነው። ደራሲውና አዘጋጁ ጆ ሚክ ቀረጻውን ያሰናዳው በለንደን ሆሎዌይ ጎዳና ከአንድ የቆዳ ዕቃ መደብር በላይ በነበረው መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ሥራው ግን በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ባንድ ሥራ ለመሆን በቅቷል። ሚክ መግቢያው ላይ የሮኬት መነሣትን የሚያስመስል ሆን ተብሎ የተሠራ ጉርምርምታና ሹክታ አኑሯል። የግልበጣ ቤቱ የሚጠቀምበት የጩኸት መቀነሻ ፕሮግራም ደግሞ የሚሠራው፣ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ያለውን ድምፅ እንደ ናሙና ወስዶ ያንን የሚመስለውን ሁሉ ከቀረጻው በማውጣት ነው። ስለዚህ የሚክን ሮኬት ቆሻሻ ብሎ ጠረገው፤ ከእርሱም ጋር ዜማውን የሚጫወተውን የክላቪዮሊን የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ብልጭታ አደበዘዘው። በሌሎቹም ሸክላዎች ላይ ያው ፕሮግራም የማሚቶውን ጅራት ቆርጦታል፤ ኖታው ይሰማል፣ የሚመለሰው ድምፅ ግን ያለ ጊዜው ይቋረጣል። በእነዚህ ቀረጻዎች ማሚቶው ጌጥ ሳይሆን የሥራው ግማሽ አካል ስለሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ይህን ባለሙያውን አስደምጬ ሳስረዳው ሳይከራከር ተቀብሎ ጩኸቱ ሳይቀነስ እንደገና ገለበጠልኝ፤ ተጨማሪ ክፍያም አልጠየቀም። ሁለተኛው ቅጂ እንደ እሳት የሚንጣጣ የሸክላ ድምፅ አለበት፤ ነገር ግን ሮኬቱ ተመልሷል፣ የማርቪን ጊታርም እስከ መጨረሻው ይተነፍሳል። አጎቴም የመረጡት ይህንኑ ነው፤ «አፓቺ»ን ከሰሙ በኋላ ደግመው እንዲያጫውቱላቸው ጠይቀው፣ በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ የቻይናውን ከበሮ ተከተሉት።

በዋሊያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ሥልት» ወይም በሙላቱ አስታጥቄ የመሣሪያ ሥራዎች ጆሮውን ያለማመደ አድማጭ በእነዚህ አሮጌ ሸክላዎች ብዙ ደስታ ያገኛል፤ ቤቱም ለእጥበቱና ለሞኖ አያያዙ ሲባል በልበ ሙሉነት የሚመከር ነው። ይሁን እንጂ ደንበኛው ሸክላውን ሲያስረክብ፣ ጩኸቱ ሳይነካ፣ ድምፁም ሳይጨመቅ በዋቭ ፋይል እንዲሰጠው አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። ቤቱ ካልተጠየቀ የሚሰጠው የተጠረገውንና በኤም ፒ ስሪ የተጨመቀውን ቅጂ ብቻ ነው።