ከጓዳ የወጣ የ15 ዓመት ሺራዝ፦ የፔንፎልድስ «ሴንት ሄንሪ» 2010 ሲቀመስ

ፔንፎልድስ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ሺራዝ ከሚባል ወይን የሚሠራውን «ሴንት ሄንሪ» ቀይ የወይን ጠጅ፣ የ2010 ምርቱን፣ ስድስት ጠርሙስ የገዛሁት በ2013 መጨረሻ ላይ ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአውስትራሊያ፣ በአድሌድ ከተማ የምንኖርበት አሮጌ የድንጋይ ቤት ከሥሩ የተቆፈረች ጠባብ ጓዳ አለችው፤ በበጋ የውጭው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ እንኳ የእርሷ ከ18 ብዙም አይበልጥም። ጠርሙሶቹ እዚያ በጨለማ ተጋድመው ከረሙ። የመጀመሪያውን ወዲያው በገዛሁበት ወር፣ ሁለተኛውን በ2017፣ ሦስተኛውን በ2021 ከፍቻለሁ። አራተኛውን ያወጣሁት ባለፈው ሐምሌ፣ እዚህ ክረምት በሆነበት አንድ ቀዝቃዛ ምሽት ሲሆን፣ አስተያየቴ የሚመለከተው በዋናነት ይህንኑ ነው።

ሴንት ሄንሪን ለመረዳት ከዚያው ኩባንያ የወጣውንና በዝና የሚበልጠውን «ግሬንጅ» የተባለ ጠጅ ማንሣት ግድ ነው። ፔንፎልድስ በ1844 በአድሌድ ዳርቻ፣ ማጊል በተባለ ስፍራ የተመሠረተ ነው። ማክስ ሹበርት የተባለው የኩባንያው ጠማቂ በ1951 የግሬንጅን የመጀመሪያ ሙከራ ሲሠራ ጠጁን ያሳደረው ኦክ ከሚባለው የባሉጥ እንጨት በተሠሩ አዳዲስ በርሜሎች ነበር፤ ከእንጨቱም ቫኒላንና ኮኮናትን የሚያስታውስ ጠንካራ ሽታ ወሰደ። የሥራ ባልደረባው ጆን ዳቮረን ግን በዚያው አሥርት ውስጥ ሴንት ሄንሪን ሲያዘጋጅ ተቃራኒውን መንገድ መረጠ። ይህ ጠጅ እስከ ዛሬ የሚያድረው 1,460 ሊትር በሚይዙ፣ ለረጅም ዘመን ባገለገሉ ግዙፍ የእንጨት በርሜሎች ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ያገለገለ እንጨት ለጠጁ የሚያካፍለው ሽታ እምብዛም የለውም፤ በርሜሉ በገዘፈ መጠንም እንጨቱን የሚነካው የጠጅ ድርሻ እያነሰ ይሄዳል። በወይራ የታጠነ ጋንና ያልታጠነ ጋን ለጠላ የሚሰጡት ቃና አንድ እንዳልሆነ የሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱን ሳይቀምስ ሊገምተው ይችላል። በሴንት ሄንሪ የጋኑ ሽታ ዝም ይላል፤ የሚናገረው ፍሬው ነው።

ፍሬው ሺራዝ ነው። ስሙ ከፋርስ ከተማ ከሺራዝ ጋር ስለሚመሳሰል ከዚያ የመጣ ነው የሚለው ተረት ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቢኖርም፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተደረገው የዘረ መል ምርመራ ግን ዱሬዛና ሞንዱዝ ብላንሽ የተባሉ የደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ወይኖች ልጅ መሆኑን አረጋግጧል። ፈረንሳዮች ሲራ ይሉታል። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ የተተከለውና «ሪፍት ቫሊ» በሚል ስም ታሽጎ የሚሸጠው ሲራም ይኸው ዘር ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ያለ አንባቢ የዚህን ፍሬ ጠባይ ከዚያ ጠርሙስ ሊተዋወቅ ይችላል። በደቡብ አውስትራሊያ ደግሞ የወይን ሥርን እየበላ የአውሮፓን ተክል ያወደመው ፊሎክሴራ የተባለ ተባይ ስላልገባ፣ በባሮሳ ሸለቆ በ1840ዎቹ የተተከሉ የሺራዝ ግንዶች እስከ አሁን ፍሬ ይሰጣሉ። ሴንት ሄንሪ ከአንድ ማሳ የሚለቀም አይደለም፤ ከደቡብ አውስትራሊያ የተለያዩ ወይን አብቃይ ወረዳዎች የተመረጠ ፍሬ ተቀላቅሎ ይሠራል። 2010 በዚህ ክፍለ ሀገር ከመልካሞቹ የመከር ዓመታት አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል።

ጠርሙሴ የታሸገው በቡሽ ሳይሆን በሚጠመዘዝ ክዳን ነው። ብዙ ወገኖቻችን እንዲህ ያለ ክዳን ሲያዩ ጠጁ ርካሽ ይመስላቸዋል፤ ግምቱ ልክ አይደለም። ቡሽ አንዳንድ ጊዜ ጠጁን እርጥብ ካርቶን እንዲሸት የሚያደርግ የሻጋታ ጠንቅ ይዞ ይመጣል፤ የሚጠመዘዘው ክዳን ይህን ችግር ከማስቀረቱም በላይ የሚያስገባው አየር ጥቂት ስለሆነ እርጅናውን ያዘገየዋል። ሆኖም ክዳኑ ምንም ዓይነት ቢሆን የቆየ ቀይ ጠጅ አተላ ይኖረዋል። ስለዚህ ጠርሙሱን አንድ ቀን ሙሉ አቁሜ አሳደርሁትና ምሽት ላይ ወደ ብርጭቆ ማንቆርቆሪያ በቀስታ ገለበጥሁት። ከጎንደር ለጥየቃ የመጡት አክስቴ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ጠጅ የጣሉ ሴት ናቸውና እጄን እያዩ «ልጄ፣ አታናውጠው፤ አተላው ይነሣብሃል» አሉኝ። ከጠርሙሱ ሥር ሁለት ጣት ያህል ሲቀር ደቃቅ ጥቁር ዝቃጭ ወደ አንገቱ ሲመጣ አየሁና አቆምሁ። የቀዳሁት ኩልል ያለ ነበር።

ቀለሙ በ2013 ከነበረው እጅግ ተለውጧል። ያን ጊዜ ጥቁር ሊባል የሚችል ወይን ጠጅማ ቀለም ነበረው፤ አሁን መካከሉ ጠቆር ያለ ቀይ ሆኖ ዳር ዳሩ የሸክላ መልክ ይዟል። ሽታው እንደ ተቀዳ ድፍን ያለ ስለነበር ሊያሳዝነኝ ምንም አልቀረውም፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ግን ተከፈተ። በመጀመሪያ የመጣው የደረቀ በለስና የፕሪም ሽታ ሲሆን፣ ተከትሎት የለፋ ቆዳ፣ ትንሽ የዝናብ አፈር፣ በመጨረሻም ጎላ ያለ ቁንዶ በርበሬ መጣ። ይህ የቁንዶ በርበሬ ሽታ የቀማሽ ምናብ የፈጠረው አይደለም፤ ሮተንደን የተባለው ውሁድ በቁንዶ በርበሬውም በሺራዝ ልጣጭም ውስጥ ስለሚገኝ አፍንጫችን የሚያገኘው በእርግጥ አንዱን ነገር ነው። በ2017 ጠርሙስ ላይ ይህ ሽታ በእንጆሪና በጥቁር ፍሬ ብዛት ተሸፍኖ ነበር፤ አሁን ፍሬው ረገብ ስላለ ከኋላ የነበረው ሁሉ ወደ ፊት ወጥቷል።

በአፍ ውስጥ ያለው ለውጥ ከሁሉ ይበልጣል። የ2013ቱ ጠርሙስ ያልበሰለ ሙዝ እንደሚያደርገው አፍን ይይዝ ነበር፤ ይህን ስሜት የሚፈጥረው ከልጣጩና ከዘሩ የሚወጣው ታኒን ነው። ታኒኑና ቀለሙ ከዓመት ወደ ዓመት እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ይገዝፋሉ፣ ከፊላቸውም ከብዶ ይዘቅጣል፤ ከጠርሙሱ ሥር ያስቀረሁት አተላ ያ ቀድሞ አፍ ይይዝ የነበረው ጉልበት ነው ማለት ነው። አሁን የቀረው ታኒን እንደ ደቃቅ ዱቄት ምላስ ላይ ተዘርግቶ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ቃናው ከተዋጠ በኋላ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ አልኮሉ ከ14 በመቶ በላይ ቢሆንም ጉሮሮን አያቃጥልም፤ ኮምጣጣነቱም ጠጁ እንዳይከብድ ደግፎ ይዞታል። አክስቴ ሁለት ጊዜ ከተጎነጩ በኋላ «ይኼስ በስሏል» አሉ። እኔ በብዙ ቃል የጻፍሁትን እርሳቸው በአንድ ቃል ጨርሰውታል፤ የ2013ቱ ጠጅ ያልበሰለ እንደነበር የገባኝም ያን ጊዜ ነው።

ከምግብ ጋር ሁለት ነገር ሞክረናል። በጥብስ ቅጠልና በነጭ ሽንኩርት የተሠራው የበግ ጥብስ እጅግ ተስማምቶታል፤ የሥጋው ስብ የቀረውን ታኒን ሲያለሰልሰው፣ የጥብስ ቅጠሉ ደግሞ የጠጁን ቅመም አነቃው። በዶሮ ወጥ ግን አልመክርም። የበርበሬውን መፋጀት አልኮሉ ያባብሰዋል፣ የቁሌቱ ጣፋጭነትና የቅመሙ ብዛትም 15 ዓመት የፈጀውን ስስ ሽታ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል።

ቅሬታ የማነሣው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዋጋው ነው፤ እኔ ስገዛው አንዱ ጠርሙስ 100 የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ፈጅቶብኛል፤ ለእንዲህ ያለ ጠጅ ተገቢ ነው ብዬ ባምንም ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። ሁለተኛው፣ ገና ለጋ ሳለ ብዙ ደስታ የማይሰጥ መሆኑ ነው፤ ገዝቶ በዚያው ሳምንት ሊጠጣው ለሚፈልግ ሰው በሩብ ዋጋ የሚገኝ ሌላ ሺራዝ የተሻለ ምርጫ ነው። ጣፋጭ ቀይ ጠጅ የለመደ ሰውም ደረቅ ሆኖ ያገኘዋል።

ለማቆየት ያሰበ አንባቢ ከጠርሙሱ አስቀድሞ ስለ ቦታው ይጨነቅ። በኪራይ ቤት ስንኖር አንድ ሌላ ጥሩ ቀይ ጠጅ ከማቀዝቀዣው አናት ላይ ለስድስት ዓመት አስቀምጬ ነበር፤ የሞተሩ ሙቀትና ንዝረት ስላልተለየው ስከፍተው የተቀቀለ ዘቢብ ይሸት ነበር፣ ልጠጣውም አልቻልሁም። ብርሃን የማይደርስበት፣ የማይንቀጠቀጥና ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ሙቀት የሚጸና ቦታ ከተገኘ መልካም ነው፤ የእኔ ጓዳ ከዚያ ትንሽ ብትሞቅም ሙቀቷ ቀስ ብሎ እንጂ በድንገት ስለማይለዋወጥ አላሳፈረችኝም። ጠጁ ሲቀርብ ግን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ሽታው በደንብ ይወጣል።

በማንቆርቆሪያው የተረፈውን አንድ ብርጭቆ ከድኜ በማግሥቱ ምሽት ቀመስሁት። የፍሬው ሽታ ደክሞ ነበር፣ ቆዳውና ቁንዶ በርበሬው ግን በቦታቸው ነበሩ። ከዚህ ተነሥቼ ጠጁ ገና ብዙ ዓመት እንደሚቀረው ገምቻለሁ፤ ከቀሩት ሁለት ጠርሙሶች አንዱን በ2028፣ ሌላውን በ2035 ለመክፈት አንገታቸው ላይ ጽፌ ወደ ጓዳ መልሻቸዋለሁ።