ቱርቦ ስፒድስተር ለጎንደር ዳገት፦ ቮልስ ወይስ ዲኤክስ?

ጣራዋ ተነስቶ፣ የፊት መስታወቷ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና (ስፒድስተር የምትባለዋን) ከአሮጌ ዕቃ አሠርቶ ቱርቦ፣ ማለትም በሞተሩ ጭስ እየዞረ አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ፣ ማስገጠም ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ፈረስ ጉልበት ይወጣታል?» ብሎ ነው። እኔ የማስቀድመው የትኛው መኪና እንደሚቆረጥ ነው፤ ቮልስ (ቮልስዋገን ቢትል) ወይስ ዲኤክስ (የድሮው ቶዮታ ኮሮላ)። ቱርቦ ካልተስማማ ተፈቶ ሌላ ይገባል፤ ካርቡራቶርም እንዲሁ። አንዴ ግራይንደር የነካው ሻንሲ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።

«ቱርቦ ለጉራ ነው» የሚሉ አሉ። ጅቡቲ ወደብ ላይ ቆመው ቢሉኝ እስማማ ነበር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 0.78 ባር ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ አያገኘውም። 50 ፈረስ ጉልበት የተባለላት ቮልስ 40 ብትሰጥ ነው። ስለዚህ የቱርቦውን ግፊት በሚያሳየው ጌጅ ላይ የመጀመሪያውን 0.2 ባር ስታዩ ትርፍ እንዳይመስላችሁ፤ ከፍታው የወሰደባችሁን ነው የመለሰላችሁ። ትርፉ የሚጀምረው ከዚያ በላይ ነው። ለአሮጌ ሞተር ከ0.4 እስከ 0.5 ባር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ መጀመሪያ ፒስቶን ይግዛ።

አሁን ወደ ምርጫው። ቮልስን ለዚህ ሥራ የሚያስመርጣት አሠራሯ ነው። ቦዲዋ ከታችኛው ሻንሲ ጋር የተያያዘው ዙሪያውን በቡሎን ስለሆነ ተፈቶ ይነሳል፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ መሪው፣ ፍሬኑ ሁሉ ሻንሲው ላይ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የፖርሽ 356 ስፒድስተር ራሱ የዘር ሐረጉ ከቮልስ ነው። ልዩነቱ ርዝመት ላይ ነው፤ ቮልስ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2,400 ሚሊሜትር ስትሆን ፖርሹ 2,100 ነው። መልኩን በልኩ የሚፈልግ ሰው ሻንሲውን 30 ሳንቲሜትር ቆርጦ ያሳጥራል። ልኩ ካላስጨነቃችሁ ሳታሳጥሩ ተዉት፤ የብየዳውን ጣጣ ግማሹን ታመልጣላችሁ።

ስትገዙ ቀለሙን ተዉትና የኋላ ወንበሩን አንሱ። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ስር ነው፤ አሲዱ ለዓመታት ሲንጠባጠብ ላሜራውን ይበላዋል። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጉት። ከገባ ወለሉ አልቋል ማለት ነው፤ ወይ ዋጋ ይቀነስ፣ ወይ ሌላ ፈልጉ። ደግሞም ጣራው ሲነሳ ሻንሲው ብቻውን ይለመጣል። ፋብሪካው ራሱ ጣራዋ የሚታጠፈውን ቮልስ ሲሠራ በሁለቱም ጎን ከበሮቹ ስር ተጨማሪ ብረት ይጨምርባት ነበር። እናንተም ያንን ሳትጨምሩ አትንዷት።

የቮልስ ሞተር ለቱርቦ የሚመች አንድ ጠባይ አለው፤ የ1600 ሲሲው ኮምፕሬሽን (ፒስቶኑ አየሩን የሚጨምቅበት ልክ) 7.5 ለ 1 ብቻ ነው። ዝቅተኛ ስለሆነ ትንሽ ግፊት ሲገባበት ቤንዚኑ ያለጊዜው ነዶ ቶሎ አያንኳኳም። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ቱርቦ አይችልም የሚለው ወሬም ልክ አይደለም። ሸቭሮሌ እ.ኤ.አ. በ1962 በኮርቬየር ሞንዛ ስፓይደር ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ ቱርቦ፣ 150 ፈረስ ጉልበት።

የሚያስቸግረው ዘይቱ ነው። ቮልስ የምትይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ እውነተኛ ፊልትሮም የላትም፣ ያላት የሽቦ ወንፊት ነው። የቱርቦ ዘንግ ደግሞ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ እየተሽከረከረ በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ነው፤ አሸዋ የያዘ ዘይት ከገባበት ዕድሜ የለውም። ስለዚህ የውጭ ፊልትሮና የዘይት ማቀዝቀዣ ግዴታ ናቸው። ቱርቦውን ዝቅ አድርጋችሁ ከማርሚታው ጎን ካሰራችሁት ደግሞ ዘይቱ በራሱ ወደ ሞተሩ አይመለስም፤ የሚስብ ሌላ ፖምፓ ያስፈልጋል። ከፍ አድርጋችሁ ከሞተሩ በላይ ብታስቀምጡት በራሱ ይወርዳል። ብዙ ሰው ይህን ሳያስብ ገጥሞ ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሲተፋ «ቱርቦው አሮጌ ነው» ይላል፤ ቱርቦው ምንም አልሆነም፣ ዘይቱ መውጫ አጥቶ ነው።

ሌላው ሙቀት ነው። ስስ አየር የሚያቀዘቅዘውም ያነሰ ነው። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ወርዶ መመለስ ያሰበ ሰው ሦስተኛውን ሲሊንደር ያስብ፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል በፊት በነበሩት የዘይት ማቀዝቀዣው የዚያን ሲሊንደር አየር ይጋርደዋል። ከዚያ ወዲህ ያለውን የማራገቢያ ቤት ፈልጎ መግጠም ይሻላል።

ወደ ዲኤክስ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ሞተሩና ዕቃው ይመቻል፣ ቦዲው አይመችም። በመጀመሪያ ግን ዲኤክስ የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ኬኢ70 የሚባለው፣ በኋላ ጎማ የሚነዳው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የመጣው ቀጣዩ ሞዴል በፊት ጎማ የሚነዳ ነው፤ ስፒድስተር ለመሥራት አትግዙት። ጎንበስ ብላችሁ ከኋላ ዲፍረንሻል መኖሩን እዩ፣ አለቀ።

ኬኢ70 ርዝመቱ እንደ ቮልስ 2,400 ሚሊሜትር ነው። 1,290 ሲሲው 4ኬ ሞተር የብረት ብሎክ ያለው፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ማንኛውም ጋራዥ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው ነው። ፋሻው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ፍሪሲዮኑ እንደ ቮልስ ዕቃ አያንከራትትም። ኮምፕሬሽኑ ግን 9 ለ 1 ገደማ ስለሆነ ወይ ወፍራም የቴስታ ጓርኒሲዮን ይገባል፣ ወይ ግፊቱ 0.4 ላይ ይቆማል። ቦዲውና ሻንሲው አንድ አካል በመሆናቸው ጣራው ሲቆረጥ መሃሉ ይሰምጣል፤ በሮቹ መዝጋት እምቢ ሲሉ ያኔ ይታወቃል። ከመቁረጥ በፊት በውስጥ በኩል የብረት ቱቦ በይዶ ማያያዝ፣ ከዚያ መቁረጥ ነው። ጥሩ በያጅ የሌለው ሰው ዲኤክስን አይሞክር።

ፊያት 124 እና ላዳ ከዲኤክስ ጋር አንድ ረድፍ ናቸው፤ በኋላ ጎማ ይነዳሉ፣ ሞተራቸው 1,200 ሲሲ ገደማ ነው፣ ዕቃቸው ግን እየተመናመነ ነው። ሰይቼንቶ (ትንሿን ፊያት 600) ካገኛችሁ አትቁረጧት። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የተሠራች፣ 633 ሲሲ ይዛ የተነሳች መኪና ናት፤ ጉልበት ሳይሆን ሙሉነቷ ነው ዋጋዋ። ፒያሳ ላይ በጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ስር ቆማ እንዳለች ታምራለች።

የቱርቦው ምርጫ አጭር ነው። ከኤፍኤስአር (ከአይሱዙ የጭነት መኪና) የወረደ ቱርቦ በርካሽ ስለተገኘ ብቻ አትግዙ፤ ለሰባት ስምንት ሊትር ሞተር የተሠራ ነው፣ በ1.6 ሊትር እስኪነሳ ዳገቱ ያልቃል። 2,500 ሲሲ ናፍጣ በ4,000 ዙር የሚተነፍሰው አየር 1,600 ሲሲ ቤንዚን በ6,000 ዙር ከሚተነፍሰው ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ ቲዲ04 የሚባለው የድሮው ሚትሱቢሺ ኤል200 ፒክአፕ ቱርቦ ልኩ ይቀርባል። የቤንዚን ጭስ ከናፍጣው ይሞቃል፤ ቱርቦው ሲፈታ የጭሱ ቤት ስንጥቅ እንዳይኖረው እዩ። በውስጡ የሚንቀሳቀሱ ክንፎች ያሉትን የአዳዲስ ሃይሉክስ ቱርቦ ግን ተዉት፤ በዚያ ሙቀት ክንፎቹ ይጣበቃሉ።

ካርቡራቶር ወይስ ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጨው)? ከተማ ውስጥና እስከ ባሕር ዳር ለሚነዳ ካርቡራቶር ይበቃዋል። ወደ መተማ ለመውረድ ያሰበ ግን ኢንጀክሽን ያስገጥም። ጎንደር ላይ በስስ አየር የተስተካከለ ካርቡራቶር ቆላ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ያው 0.5 ባር ደግሞ በወፍራሙ አየር ላይ ሲደመር ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ጠቅላላ ግፊት እዚህ 1.28 ባር የነበረው እዚያ 1.4 ይሆናል። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። ፒስቶን የሚበሳው እንዲህ ነው። የኢንጀክሽን ዕቃ ከተጋጩ ቪትዞች ይገኛል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ ግን ያገር ውስጡ ዕቃ እያደር መወደዱ አይቀርም፤ አሁኑኑ ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

በኔ ሚዛን፣ መኪናዋን ለመልኳና ለእሁድ ሽርሽር የሚፈልግ ቮልስ ይግዛ፤ በየቀኑ ከማራኪ ፒያሳ ሊመላለስባት የሚፈልግ ደግሞ ዲኤክስ። በሁለቱም ከቱርቦው በፊት ፍሬኑ ይቀየር፤ የቮልስ ከበሮ ፍሬን የጨመራችሁትን ጉልበት ቁልቁለት ላይ አያስቆምም።

ሊብሬ የሌለውን ደግሞ በነፃም ቢሰጧችሁ አትንኩ። ከመቁረጣችሁ በፊት ሊብሬውን ይዛችሁ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ የቦዲ ለውጡ እንዴት እንደሚመዘገብ ጠይቁ፤ ቦሎ ሲደርስ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር መግጠም አለበት። ቮልስ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ የተቀረጸው ከኋላ ወንበሩ ስር፣ በመሃል ባለው ጉብታ ላይ ነው። ወገቧን የምታሳጥሩ ከሆነ መቁረጫው መስመር ወደዚያው ስለሚቀርብ ቁጥሩን አስቀድማችሁ በጠመኔ ክበቡትና ለበያጁ አሳዩት።