የእማዬ መድንና የወንድሜ መድን

ለሦስት ሳምንት ከቶሮንቶ ሐዋሳ መጥቼ ነበር። ሐዋሳ ሲባል ሰው ሐይቁንና ዓሣውን ያነሳል። እኔ ግማሹን ጊዜ ያሳለፍኩት ወረፋ ላይ ነው።

እማዬ ስኳርና ግፊት አለባት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናት። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ነው። በዓመት አንዴ ትከፍላለች፣ ከዚያ መታወቂያዋን ይዛ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ከጠዋቱ 1፡30 ደረስን፤ ከፊታችን ሰላሳ ሰው ይሆናል። ካርድ ክፍል፣ ምርመራ፣ ላብራቶሪ፤ አንድ ብር አልተጠየቅንም። ነርሷ "እማማ፣ እንጀራውን ቀነሱ?" ስትላት፣ "ልጄ መጣች ብዬ ትንሽ ጨምሬያለሁ" ብላ አሳቀችን። እስከዚህ አምስት ከአምስት።

ፋርማሲው መስኮት ላይ ግን፣ "አንዱ አለ፤ አንዱን ከውጭ ግዙ።" እኔ ተናደድኩ። እማዬ "ተመስገን በይ፣ ባለፈው ሁለቱም አልነበሩም" አለች። ደረሰኝ ካመጣን ገንዘቡ ይመለሳል ተባልን። ለመመላለሻ የምናወጣው የባጃጅ ሒሳብ ግን ከመድኃኒቱ ሊበልጥ ነው።

ታናሽ ወንድሜ የግል ድርጅት ሠራተኛ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር ውል አለው። ሆዱን አሞት ክሊኒክ ሄድን፤ ቁጭ ሳንል ተጠራ። አልትራሳውንዱም መድኃኒቱም እዚያው። ልቀና ስል ሒሳብ የምትሠራው ልጅ "ኢንሹራንሱ በዓመት የሚከፍልልዎ የገንዘብ ጣሪያ ሊሞላ ነው" አለችው። ገና ስድስት ወር ይቀረዋል! ሥራውን ከለቀቀ ደግሞ መድኑም አብሮ ይቀራል።

እህቴ ከሁለቱም የለችበትም። አስተማሪ ናት፤ የእማዬው መድን መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ነው። የደመወዝተኛው የጤና መድን አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ፣ 3 በመቶ ከደመወዝ ይቆረጣል ሲባል ብዙ ሰው አጉረመረመ፤ ትግበራውም እየተገፋ ኖረ። እሷ የምትታከመው ከኪሷ ነው።

ጎረቤቶች "እናንተ ጋ ሁሉም ነፃ አይደል?" ይሉኛል። ሐኪሙማ አዎ። ቶሮንቶ ያለችበት የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መድን ግን በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ከፋርማሲ የሚገዛ መድኃኒት በአብዛኛው አይሸፍንም፤ እሱን የሚከፍልልኝ የመሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ ነው። ያችን መስኮት እኔም አውቃታለሁ።

ልመለስ ስል ለእማዬ የሦስት ወር መድኃኒት ገዛሁላት። አየት አደረገችውና፣ "ይሄስ ያልቃል፤ የመድኑን ማደሻ አስቀምጪልኝ" አለችኝ።