ጎርፍ የገባበት ኮርቬት፦ ማደስ ወይስ መተካት?

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ከተማ ሂዩስተንን ሲያጥለቀልቅ የስፖርት መኪኖችም ሰጥመዋል። ሙሉ የኢንሹራንስ ሽፋን ያለው ሰው ካሳውን ተቀብሎ ሌላ ይገዛል፤ ወይም የተጎዳውን ከኢንሹራንሱ በቅናሽ መልሶ ወስዶ ያድሳል።

እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2004 የተሠራውን የሼቭሮሌት የስፖርት መኪና፣ ኮርቬት ሲ5ን እንውሰድ። መብራቱን፣ የበር መቆለፊያውን፣ የስርቆት መከላከያውን የሚያዘው ኮምፒውተር ከተሳፋሪው እግር ሥር፣ ከምንጣፉ በታች ነው ያለው። ውሃ ሲገባ ቀድሞ የሚነካው እሱ ነው። ካምቢዮውም ከኋላ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ዘይት መቀየርና ወንበር ማድረቅ አያስቸግርም፤ በሽቦ ማያያዣዎች ውስጥ የተጀመረ ዝገት ግን ከወራት በኋላ ብልሽት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የባሕር ውሃ ከሆነማ ፈጽሞ አይሞከር! በባለቤትነት ሰነዱ ላይ የሚሰፍረው የጉዳት ምልክትም የመሸጫ ዋጋውን ይጥለዋል።

እኔ መተካቱን እመርጣለሁ፤ ማደስ የሚያዋጣው ውሃው ንጹሕ ሆኖ ከወለሉ ካላለፈና ጥገናውን ራስዎ ከቻሉ ብቻ ነው። ሲተኩ ግን ይጠንቀቁ፦ እንዲህ ባለ ጎርፍ የተጎዱ መኪኖች ታጥበው ራቅ ባሉ ክፍላተ ሀገር ይሸጣሉ። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው የጭቃ መስመር ይፈልጉ፤ ምንጣፉን ገልጠው የወንበር ብሎኖቹን ይዩ፤ የሻንሲ ቁጥሩንም ከመክፈልዎ በፊት ያጣሩ።