መብራት ቢሄድም አይቋረጥም እየተባለ የሚሸጠውን ባለባትሪ ራውተር ሳትፈትሹ እንዳትገዙ

ጀማው፣ ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ ይሄን አንብቡና ራውተር ሊገዛ ላሰበ ሰው ሁሉ አድርሱልኝ። ሰሞኑን በየሞባይል ቤቱ ሲም የሚገባበት ባለባትሪ የ4ጂ ዋይፋይ ራውተር እየተሸጠ ነው፣ "መብራት ቢሄድ ኔትሽ አይቋረጥም፣ ባትሪው ቢያልቅም መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል፣ ኦሪጅናል ነው" ይሏችኋል። መብራት እንዴት እንደሚያደርገን እያወቅን ይሄን ማን ይጠላል። እኔም ደሴ ፒያሳ ከአንድ ሱቅ 7 ሺህ ብር ከፍዬ ኮምቦልቻ ለኮፒ ቤቴ ወሰድኩት፣ ካርቶኑ የታሸገ ነው፣ ዕቃው ላይ አንድ ጭረት የለም፣ ከውጭ ሲያዩት ምንም አይወጣለትም።

መብራት ቦግ እልም ሲል እውነትም ይቋቋማል፣ ጉዱ የሚወጣው መብራት ረጅም ሰዓት ጠፍቶ ባትሪው ጥርግ ብሎ ካለቀ በኋላ ነው። መብራት ይመጣል፣ ራውተሩ ይበራል፣ ኔትወርክ መፈለግ ይጀምራል፣ ልክ ሲያገኝ ድርግም ይላል፣ ደግሞ ይበራል ደግሞ ድርግም፣ ሰው ዶክመንቱን በቴሌግራም ልኮ "እህቴ ቶሎ ፕሪንት አድርጊልኝ" እያለ ቆሞ እሱ እንዲህ ሲጫወት ይውላል። አንዳንዴ ሲነሳ ፓስወርዱንም የኔትወርክ ሴቲንጉንም ረስቶ ነው። ሻጩ ጋር ስደውል አንዴ "ኔትወርኩ ነው"፣ አንዴ "የኮምቦልቻ መብራት ነው" ይለኛል። ሁለቱም አይደለም፣ በዚያው ሶኬት በዚያው ሲም የጎረቤቴ አሮጌ ራውተር ጥርት ብሎ ይሰራል።

ከዛ የጀርባው ክዳን በአንድ በኩል መነሳት ጀመረ፣ ሲነኩት ያቃጥላል። ነቅዬ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ልጁ እዛው ፊቴ ከፈተው፣ ባትሪው አብጧል። ሶስት ሽቦ አለው፣ ቀዩና ጥቁሩ የኃይል ናቸው፣ ነጩ የባትሪውን ሙቀት ለራውተሩ የሚነግረው የሴንሰሩ ሽቦ ነው። ልጁ ልባሱን ገልጦ ሲያይ ሴንሰር የሚባል ነገር የለም፣ በቦታው ሞቀ በረደ ቁጥሩ የማይቀየር ተራ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ተበይዷል። ቴስተር ሰክቶ የሚበይድበትን ትኩስ ብረት አስጠጋበት፣ ቁጥሩ ከ10 ንቅንቅ አላለም። ጠረጴዛው ላይ የነበረ የስልክ ባትሪ ሰክቶ ሴንሰሩን ገና በጣቱ ሲይዘው ግን ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። 10 ኪሎ ኦም እንዲህ አይነቱ ሴንሰር 25 ዲግሪ ላይ የሚሰጠው ቁጥር ነው፣ ስለዚህ የኔው ባትሪ ቢቀቀልም ራውተሩ 25 ዲግሪ ነው ብሎ እያመነ ቻርጅ ማድረጉን ይቀጥላል። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ቻርጁ መቆም አለበት። ወላሂ ይሄ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ልጆች በተኙበት ቤት እሳት የሚያስነሳ ነገር ነው የሚሸጡልን!

ደህና ራውተር ሲሞቅ መጀመሪያ ፍጥነቱንና ሲግናል የሚልክበትን ጉልበት ይቀንሳል፣ ቻርጁን ያቆማል፣ ካልበረደለት ራሱን ያጠፋና ሲበርድ ይመለሳል። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ሙቀቷ ይታወቃል፣ ግን ደሴ ያላችሁም ብርድ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ጦሳ ተራራ ስር ወይ ገደል የሚጋርደው ቤት ውስጥ ኔትወርክ ሲደክም ራውተሩ የኔትወርክ ታወሩ ጋ ለመድረስ ጉልበት ይጨምራል፣ ጉልበት በጨመረ ቁጥር ይግላል።

የሪስታርቱ ነገር ደግሞ ከቻርጀሩ ነው። የራውተሩ ጀርባ ላይ 5 ቮልት 2 አምፔር ይላል፣ ካርቶኑ ውስጥ የገባው ቻርጀር 5 ቮልት 1 አምፔር ነው፣ ግማሹን ማለት ነው። ባትሪው ባዶ ሆኖ መብራት ሲመጣ መነሳቱ፣ ኔትወርክ መፈለጉና ባትሪ መሙላቱ አንድ ላይ ይሆንበታል፣ ቻርጀሩ አይችለውም፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ይጠፋል። በደንብ የተሰራው ባትሪው ትንሽ እስኪይዝ ጠብቆ ነው ኔትወርክ መፈለግ የሚጀምረው። ሴቲንግ እየጻፈ መሀል ላይ ከጠፋ ደግሞ የጻፈው ይበላሽና ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ይመለሳል፣ ፓስወርዱን የሚረሳው ለዛ ነው።

ስለዚህ ብር ሳታወጡ የቻርጀሩንና የራውተሩን አምፔር አስተያዩ፣ ባትሪው ባለቀ ዕቃ ሞክሩት፣ በማጥፊያው ሳይሆን ከሶኬቱ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፣ ደጋግሙት፣ ማንም ሳይነካው ተነስቶ ፓስወርዱን አስታውሶ ኔት ካልሰጠ ትታችሁት ውጡ። ትልቅ ፋይል አስወርዱበትና ጀርባውን ዳብሱት። ስቲከሩ ላይ ያለው ባለ15 አሃዝ የአይኤምኢአይ (የዕቃው መለያ) ቁጥርና ሴቲንግ ገጹ ላይ ያለው ካልገጠመ የተነካካ ዕቃ ነው። ሻጩ ይሄን አላስነካም ካለ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።

ደረሰኝ ሳትይዙ እንዳትወጡ፣ በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት አይሆንም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይ ብሬ ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል ይላል፣ "የተሸጠ አይመለስም" ሲሏችሁ ይሄን ንገሯቸውና እምቢ ካሉ የከተማው ንግድ ጽህፈት ቤት ሂዱ።

ገዝታችሁ ቤት ያስገባችሁም ስትተኙና ስትወጡ ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ፍራሽና መጋረጃ አጠገብ አታስቀምጡት። ክዳኑ መነሳት ከጀመረ ጭራሽ ቻርጅ አታድርጉት፣ ባትሪውን አትውጉት፣ አትጫኑት፣ ቆሻሻ ተብሎ የሚቃጠልበት ቦታም አትጣሉት፣ ልጆች በማይደርሱበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይ ሲሚንቶ ላይ ለብቻው አስቀምጡትና ባትሪ የሚያውቅ ጥገና ቤት ውሰዱት።