ወንበር ቀንሶ ድምፅ ያተረፈ አዳራሽ

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ኒውዮርክን ሳዞራት ሰነበትኩ። የነፃነት ሐውልቱ፣ ታይምስ ስኩዌር፣ የብሩክሊን ድልድይ፣ ሁሉንም «ደስ ይላል» እያለች አለፈቻቸው። እማዬ «ደስ ይላል» ካለች ሰልችቷታል ማለት ነው። በመጨረሻ ቆርጬ የሙዚቃና የትያትር አዳራሾች ወደተሰበሰቡበት ሊንከን ሴንተር ወሰድኳት፤ የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ወደሚጫወትበት ዴቪድ ጌፈን አዳራሽ። ታድሶ ከተከፈተ ወዲህ ለእኔ አራተኛዬ ነው፣ እና ሁልጊዜ ስለሱ ልጽፍ ብዬ ሳልጽፍ ስለቀረሁ ዛሬ ይኸው።

መጀመሪያ ታሪኩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ታሪኩን የማያውቅ ሰው «ለአንድ አዳራሽ እድሳት 550 ሚሊዮን ዶላር?» ብሎ ይደነግጣል። እኔም ደንግጬ ነበር።

ሕንፃው የተከፈተው በ1962 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ያዙልኝ)። ኦርኬስትራው ከዚያ በፊት የሚጫወተው ካርኔጊ አዳራሽ ነበር። ካርኔጊ ሊፈርስ ነው ሲባል አዲስ ቤት ተሠራለት። ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ካርኔጊን በ1960 ከተማው ገዝቶ ከመፍረስ አዳነው፣ ድምፁም እስከ ዛሬ ይወደሳል። አዲሱ ግን ከተከፈተበት ሳምንት ጀምሮ ስሙ ጠፋ። ወፍራሙ ድምፅ አይሰማም፣ መድረኩ ላይ ያሉት ሙዚቀኞች እንኳን እርስ በርስ አይደማመጡም ተባለ።

የዚህ አዳራሽ የድምፅ ባለሙያ ሊዮ በራኔክ የዓለምን ታዋቂ አዳራሾች ዞሮ አጥንቶ ነበር። ምክሩም ቀላል ነው፦ ጠበብ ያለ ባለ አራት ማዕዘን፣ ልክ እንደ ጫማ ካርቶን፣ ወንበሩም 2,400 ገደማ። ግን «ወንበሩ አነሰ» የሚል ጫጫታ ተነሳ። ከ200 በላይ ወንበር ተጨመረ፣ ለዚያ ሲባል ግድግዳው ወደ ጎን ተለጠጠ፣ ቅርፁም ተበላሸ። ትኬት እንሸጣለን ብለው ድምፁን ሸጡት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥገና በጥገና ነው። በ1973 አቨሪ ፊሸር የሚባል ሰው 10.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ አዳራሹ በስሙ ተጠራ፤ ሰውየው ሀብታም የሆነው ጥራት ያለው የሙዚቃ ማጫወቻ እየሠራ በመሸጥ ነው! በድምፅ ጥራት የከበረ ሰው ስም ድምፁ ያስቸገረ ቤት ላይ ተሰቀለ። በ1976 ውስጡን ሙሉ በሙሉ አፍርሰው እንደገና ሠሩት። ተሻለ ግን አልዳነም። በ2015 የሙዚቃና የፊልም ባለሀብቱ ዴቪድ ጌፈን 100 ሚሊዮን ሰጠ፣ የፊሸር ቤተሰብም ስሙን እንዲለቅ 15 ሚሊዮን ተከፈለው። አዎ፣ ስም ለማውረድም ይከፈላል።

አሁን ወደ እድሳቱ። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ አዳራሹ ተዘግቶ ስለነበር ሥራውን አፋጥነው በጥቅምት 2022 ከፈቱት፣ ከታቀደው ጊዜ ቀድመው። ከውጭ ስታዩት ያው ረጃጅም ነጫጭ ዓምዶች ናቸው፣ አልነኩትም። ውስጡ ግን ሌላ ቤት ሆኗል። ወንበሩ ከ2,738 ወደ 2,200 ወረደ። እስቲ አስቡት፣ ይሄን ሁሉ ገንዘብ አፍስሶ ከ500 በላይ ወንበር ነቅሎ የሚጥል ነጋዴ የት ይገኛል? እኔ በበኩሌ የእድሳቱ ትልቁ ጀግንነት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። መድረኩን ደግሞ ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ፊት ሳቡትና ወንበር ዙሪያውን፣ ከኦርኬስትራው ጀርባ ሳይቀር ደረደሩ።

ይሄ ለድምፅ ምን ያደርጋል ለሚል ሰው፣ አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቁ የለ? ጠባብ ናት፣ ግድግዳዋ ቅርብ ነው፣ ማሲንቆው ጉልበትህ ላይ የሚመታ ነው የሚመስለው። በጣም የሰፋ አዳራሽ ውስጥ ግን ከጎን ግድግዳ የሚነጥረው ድምፅ ዘግይቶና ደክሞ ስለሚደርስ ሙዚቃውን ከሩቅ እንደምታይ እንጂ ውስጡ እንዳለህ አይሰማህም። አሁን ግድግዳው በቢች እንጨት ተለብጧል፣ ላዩ እንደ ውሃ ሞገድ ገባ ወጣ ያለ ነው። ለውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድምፁ በአንድ አቅጣጫ ነጥሮ እንዳይመለስ ይበትነዋል። እንጨቱም ወፍራም መሆን አለበት፤ ስስ ከሆነ እየተንቀጠቀጠ ወፍራሙን ድምፅ ይውጠዋል።

እኛ የተቀመጥነው ከኦርኬስትራው ጀርባ ነው። ትኬቱ ረከስ ይላል ብዬ ነው፣ አልዋሽም። ሊጀመር ሲል ጣሪያው ላይ የተንጠለጠሉት ትናንሽ መብራቶች፣ «አብሪ ትሎች» ነው የሚሏቸው፣ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ወጡና ደበዘዙ። እማዬ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«መብራቱ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ሊጀመር ነው እማዬ።»

ፕሮግራሙ የቤትሆቨን ነበር። ከኋላ ስትቀመጡ የመሪውን ፊት ነው የምታዩት፤ ሲቆጣ፣ ሲለምን፣ በቅንድቡ ብቻ ከበሮ መቺውን ሲጠራ። ኮንትራባሶቹ፣ ቆመው የሚጫወቷቸው ትልልቆቹ ባለ ገመድ መሣሪያዎች፣ ገመዳቸው በጣት ነካ ሲደረግ እያንዳንዷ ነጠብጣብ ለብቻዋ ትሰማለች። እማዬ በወጣትነቷ ብሔራዊ ትያትር ኦርኬስትራ ያየች ሰው ናት፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ይባል ነበር። ነጠላዋን እንደተከናነበች አንድ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለችም። «ደስ ይላል» ደግሞ አላለችም! በእረፍቱ «ያቺ ዋሽንት የምትነፋዋ ልጅ ትንፋሽ ስትስብ እኮ ይሰማኛል» ብቻ ነው ያለችኝ።

እንከን የለውም ወይ? አለው። ሲከፈት አንዳንድ ሐያሲዎች ድምፁ ጥርት ያለ ነው ግን ሙቀት ይጎድለዋል ብለው ነበር፣ እኔም እስማማለሁ። እንደ መለከት ያሉት የነሐስ መሣሪያዎች በአንድ ላይ ሲያምባርቁ ትንሽ ይጮሃል፤ ካርኔጊ ውስጥ ያለው ያ ማር ማር የሚል ነገር እዚህ የለም። የወንበሮቹ ጨርቅ ላይ የተበተነው ባለ ቀለም የአበባ ቅጠል ደግሞ ለእኔ ትንሽ የሳሎን መጋረጃ ነው። የጣዕም ጉዳይ ነው፣ እማዬ ወዳዋለች።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ይቆጨኛል። ሊንከን ሴንተር የተሠራው ሳን ህዋን ሂል የሚባል ሰፈር ፈርሶ ነው፤ አብዛኛው ነዋሪ ጥቁርና ፖርቶ ሪካዊ ነበር፣ ከ7 ሺህ በላይ ቤተሰብ ተነሳ። የጃዝ ፒያኒስቱ ቴሎኒየስ መንክ ያደገው እዚያ ነው። አዳራሹ በ2022 ሲከፈት የመጀመሪያውን ምሽት ለዚያ ሰፈር ታሪክ ሰጥተውታል፣ የትሪኒዳዱ መለከት ነፊ ኤትየን ቻርልስ በጻፈው ሥራ። ይሄን ግቢው ውስጥ ያለው ፏፏቴ ጋ ቆመን ስነግራት እማዬ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ታዲያ ሰዎቹን የት አስገቧቸው?» መልስ አልነበረኝም። የአዲስ አበባ ሰው ይሄን ጥያቄ ለምን ቀድሞ እንደሚጠይቅ ግን ይገባችኋል።

ለመሄድ የምታስቡ፣ ባቡር ቁጥር 1 ይዛችሁ 66ኛ መንገድ ላይ ውረዱ። ቀደም በሉ። ገንዘብ ከሌላችሁም አትቅሩ፤ እድሳቱ የመግቢያውን አዳራሽ በእጥፍ አስፍቶታል፣ እዚያ 15 ሜትር የሚረዝም ስክሪን አለ፣ ውስጥ የሚካሄደውን ኮንሰርት ብዙ ጊዜ በቀጥታ በነፃ ያሳያል። ወንበር አለ፣ ቡና አለ፣ ማንም «ትኬትህ የታለ» አይልም።

በሚቀጥለው ሳምንት «ያ ቤት እንሂድ» ያለችኝ ራሷ እማዬ ናት። ስክሪኑ ፊት ተቀመጥን። ሙዚቃው ሊጋመስ ሲል ከቦርሳዋ ቆሎ አወጣችና አጠገቧ ለተቀመጠችው ፈረንጅ ዘረጋችላት። ፈረንጇም ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ዘገነች።